ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «የመጀመሪያዋን እዚሁ ነው የወለደችው»

ባለፈው ዕትም ስለ እርግዝና ክትትል ከጻፍኩ በኋላ ብዙ መልእክት ደረሰኝ። የሚገርመው፣ ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ከተማ ያሉ ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ገጠር ስላለች እህታቸው፣ ስለ ወንድማቸው ሚስት፣ ስለ አክስታቸው ልጅ ነው። ከመጡት አራቱን መርጫለሁ፤ ስም አላወጣሁም። ለማታውቁኝ፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ስለዚህ አንዳንዱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ካየሁት ነው የምመልሰው።

«ሰላም ሲስተር። አዲስ አበባ የቀን ሥራ ነው የምሠራው። ታናሽ እህቴ ደቡብ ወሎ ገጠር ናት፣ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። ወር አበባዋን መጨረሻ ያየችው በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው ብላኛለች። ጤና ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ መሐል ላይ ወንዝ አለ። እዚያ ሄደሽ ውለጂ ስላት አማቷ ‹የመጀመሪያዋን እዚሁ ነው የወለደችው፣ እኔም ስድስቱን እዚሁ ነው የወለድኩት› ይላሉ። ባሏ ዝም ነው። ምን ብዬ ላሳምናቸው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኗን እናስላ። ኅዳር ሚካኤል 12 ነው። የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ነገር ይመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ትቆጥራለህ፣ ጳጉሜን መሐል ከገባች ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። የእህትህ ነሐሴ 22 ላይ ያርፋል። «ሰሞን» ስላልክ ሳምንት ወዲህ ወይ ወዲያ በለው። ነሐሴ ማለት ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ያ ወንዝ ነሐሴ ላይ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።

እና ምጥ ከጀመራት በኋላ እንዴት እናድርሳት ብላችሁ አታስቡ። ሌሊት ከያዛት ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረምሶች እስኪሰበሰቡ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ ወንዙ እስኪጎድል አንድ ቀን ይሄዳል። ሞልቶ ካደረ ደግሞ የሚደረግ ነገር የለም። መንገዱ ምጡ ሳይመጣ ማለቅ አለበት። የእናቶች ማቆያ የሚባለው ለዚህ ነው የተሠራው። ብዙ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አለ፤ አንዳንዱ ሕዝቡ እንጨትና ጭቃ አዋጥቶ የሠራው ጎጆ ነው፣ አንዳንዱ ብሎኬት። መውለጃዋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀራት ትገባለች፣ አዋላጇ እየመጣች ታያታለች፣ ምጥ ሲጀምራት ግቢውን አቋርጣ ትሄዳለች። በቃ። ለእህትህ ነሐሴ መባቻ አካባቢ መግባት ነው። እንዲያውም ወንዙ ቀድሞ የሚሞላ ከሆነ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትግባ።

ይሄ ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም። ወልቂጤ አጠገብ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየ ነገር ነው። እዚያ ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶች መዝገብ ታይቶ ነበር። በማቆያው በኩል ከገቡት መካከል የሞቱት ከ100,000 ወደ 90 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከቤት ከመጡት ደግሞ ከ1,300 በላይ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ እኩል አይደለም፤ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ እቤት ሞክረው ሞክረው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸው። ግን እኔ የምለውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ አማቷ። ወንድሜ፣ አትከራከራቸው። ስድስት ልጅ እቤት የወለዱ ሰው ናቸው፤ አንተ ስልክ ላይ ሆነህ «አደገኛ ነው» ስትላቸው የኖሩትን ሕይወት ውሸት ያልክባቸው ይመስላቸዋል። አብዛኛው ወሊድ በሰላም ነው የሚያልፈው፣ በዚህ ልክ ናቸው። ችግሩ የማያልፈው የትኛው እንደሆነ ቀድሞ አለመታወቁ ነው። የመጀመሪያዋን ምንም ሳትሆን የወለደች ሴት ሁለተኛው ላይ ደም ሊፈሳት ይችላል። ምጥ ጠንቶ የሚገድለው ቀናት ወስዶ ነው፣ ሰው ይጠራል፣ ይሮጣል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኃይለኛ ደም መፍሰስ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እናንተ ጋ ጤና ጣቢያው ሦስት ሰዓት ነው። ይህንን ብቻ በእርጋታ ንገራቸው፤ «እማማ፣ ደም ቢፈሳት ማን ይሸከማታል? ወንዙንስ?» በላቸው። ከዚያ አብረዋት ማቆያ እንዲገቡ ለምናቸው። እኔ እንዳየሁት እምቢ ያለች አማት አንዴ ከገባች ከሁሉ የበለጠ ጠባቂ እሷ ትሆናለች፤ ገንፎውንም የምታገነፋው እሷ፣ ሌሊት «ሲስተር ተነሺ» ብላ በር የምትደበድበውም እሷ።

ባልየው ዝም አለ ብለህ ደግሞ ቶሎ አትፍረድበት። ነሐሴ አረም ነው። ሚስቱ ሦስት ሳምንት ስትሄድ ትልቋን ልጅ ማን ይይዛል? ውሃ ማን ይቀዳል? ላሟን ማን ያልባል? እናቱም አብረው ከሄዱ ደግሞ ቤቱ ባዶ ነው። ሰውየው ይህን እያሰላ ይሆናል ዝም ያለው፤ አንተም አልጠየቅከውም። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የአጎት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ለሦስት ሳምንት መጥታ ልትቆይ ትችላለች። ለሷ የምትከፈለውን፣ ለእህትህ ዱቄቱንና ቂቤውን አንተ ላክ። ማሳመን ከምትለው ነገር ግማሹ ይኼ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ስልክ ፈልገህ ደውልላት። ማቆያው አሁን እየሠራ ነው ወይስ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል? ፍራሽ አለ? ውሃ አለ? ሌሊት ተረኛ አዋላጅ አለች? ማቆያ ተብሎ ተሠርቶ በሩ ተቆልፎ ያደረ ቤት አይቻለሁ፣ ስለዚህ ሳትጠይቅ አትላካት። በነገራችን ላይ፣ በጸጥታው ምክንያት ማታ መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ላሉ አንባቢዎችም መልሴ ይኸው ነው፤ ወንዙ ቢጎድልም መንገዱ ከተዘጋ ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም፣ ትኩሳት፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየች ነሐሴን አትጠብቅ። የዚያኑ ቀን ትሂድ።

«ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፣ ምዕራብ ጎጃም። እናቶች ለክትትል ይመጣሉ፣ ካርዳቸው ሙሉ ነው። ሲወልዱ ግን እቤት። ሪፖርቱ ላይ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ሰልችቶኛል ሲስተር።»

አይዞሽ እህቴ። አንቺ ብቻ አይደለሽም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቢያንስ አንዴ ክትትል ያደረጉ እናቶች ከ100 74 ነበሩ፤ ጤና ተቋም የወለዱት 48። ገጠር ብቻውን ሲታይ 40። በ2005 እ.ኤ.አ. ጤና ተቋም የወለዱት በአገር ደረጃ 5 ብቻ እንደነበሩ አስቢ፤ ያንን ከፍ ካደረጉት ሰዎች መካከል ደብተርሽን ይዘሽ ቤት ለቤት የምትዞሪው አንቺና ጓደኞችሽ ናችሁ። ይህንን ሪፖርቱ ላይ አይጽፉልሽም።

በ74ና በ48 መካከል ያሉት ሴቶች የት ገቡ? አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ የምኮራበት አይደለም።

አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት አራት ሰዓት ተጉዛ መጣች። እኔ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ውሃ የለም፣ መብራት ጠፍቷል፣ በስልኬ ባትሪ ነው የማዋልደው። እሷ ትጮሃለች፤ እኔም ጮህኩባት። እዚህ የማልጽፈውን ነገር ሁሉ ተናገርኳት። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እኔም ረሳሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግማ አረገዘችና ለክትትል መጣች፤ አራቱንም ጊዜ፣ አንድም አልቀረችም። ስትወልድ ግን አልመጣችም። በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋትና ለምን ስላት «ውይ ሲስተር፣ ምናልባት ተረኛዋ አንቺ ትሆኚ ይሆናል ብዬ ፈርቼ» አለችኝ። ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ስለዚህ እንደ እኔ ግምት፣ ክትትል ላይ ያለችው ሴት ዕውቀት አልጎደላትም። የጎደላት የምታምነው ሰው ነው። እቤት ስትወልድ በዙሪያዋ እናቷ፣ ጎረቤቶቿ አሉ፣ «ማርያም ማርያም» ይባልላታል፣ ጀርባዋ ይታሻል፣ ተንበርክካም ቆማም ታምጣለች። ጤና ጣቢያ ስትመጣ ሰዎቿ በር ላይ ይቀራሉ፣ ልብሷ ይገለጣል፣ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትጋደማለች፣ የማታውቀው ወንድ ገብቶ ይወጣል። እንግዴ ልጁ የት እንደተጣለ አታውቅም፤ አንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ እሱን ወስዶ መቅበር ትልቅ ነገር ነው፣ ለመጠየቅ ግን ያፍራሉ። ይህ ሁሉ እኛ ጋ «ትንሽ ነገር» ነው።

አንቺ ጤና ኬላ ሆነሽ የጤና ጣቢያውን አዋላጅ መለወጥ አትችዪም። ግን አንድ ነገር ሞክሪ፤ ቀናቸው የደረሰ አራት አምስት ሴቶች ሰብስቢና በገበያ ቀን ጤና ጣቢያው ይዘሻቸው ሂጂ። የማዋለጃ ክፍሉን ይዩት፣ አልጋውን ይንኩት፣ አዋላጇን በስሟ ይወቋት። ሰው ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ፣ ተንበርክኮ ማማጥ ይፈቀድ እንደሆነ እሷ ራሷ ትንገራቸው፤ ተናግራ ሰው ፊት ቃል ከገባች በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ተንኮል ነው? ትንሽ። ገንፎና ቡና የሚያዘጋጅ ጤና ጣቢያ ከሆነ ደግሞ የገንፎው ሽታ ካንቺ ስብከት በላይ ይሠራል። እኔ ወልዳ ለምትነሳ ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት የጀመርኩት ሥራ በገባሁ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ ብነግርሽ ትታዘቢኛለሽ።

«ልጄ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። የመንዝ ተወላጆች ነን፣ ገንዘብ አዋጥተናል። ለአገራችን ሰዎች አምቡላንስ ገዝተን ለመላክ አስበናል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሳባችሁን አልነቅፍም፣ ግን መኪናው ከመገዛቱ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት። ነዳጁን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ማን ይሞላል? ጎማውን? ለቀኑና ለሌሊቱ ሁለት ሹፌር ማን ይቀጥራል? ጎማ ጠፍቶ ሁለት ወር የቆመ አምቡላንስ አውቃለሁ፤ ወላድ እየጠበቀችው ስብሰባ የሚሄዱ ሰዎችን የጫነም አውቃለሁ። በዚያ ላይ መንዝን እኔ አልነግርዎትም፤ ገደሉ ላይ መንገዱ ሲያልቅ አምቡላንሱም እዚያው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቃሬዛ ነው፣ ትከሻ ነው።

እኔ ብሆን ገንዘቡን ሴቲቱ ቀድማ መጥታ እንድትቆይ በሚያደርግ ነገር ላይ አውለዋለሁ። ማቆያው ጣራው ያፈስ እንደሆነ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይጎድለው እንደሆነ (መንዝ ብርዱ!)፣ ማብሰያ ቤት እንዳለው ይጠይቁ። ከዚያ ውሃ፤ አንድ ሮቶና ከጣራ ላይ ውሃ የሚያወርድ ቦይ ብዙ ነገር ይለውጣል፣ ያለ ውሃ የሚያዋልድ ሰው እጁን በምን ይታጠብ? ከዚያ ሶላርና ፍሪጅ። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ደም መፍሰስን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት በሌለበት መደርደሪያ ላይ የከረመ እንደሆነ መድኃኒቱ አለ ተብሎ ይመዘገባል፣ ሲወጉት ግን አቅም የለውም።

አራተኛው፣ ሰው የማያስበው ነገር ነው፦ የአዋላጇ ቤት። አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ተመርቃ ገጠር ትመደባለች፣ የምትከራየው ክፍል የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ማታ ብቻዋን ትፈራለች፣ በስድስት ወሯ ዝውውር ትጠይቃለች። እኔም ጠይቄያለሁ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በፊስቱላ ሆስፒታላቸው በምጥ መጥናት የተጎዱ ሴቶችን ለአሥርት ዓመታት ሲያክሙ ቆይተው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈቱት ነገሩ ከመነሻው ካልተያዘ ማከሙ ማለቂያ እንደሌለው ስላዩ ነው። ኮሌጁ ልጆቹን ከገጠር ይመለምላል፣ አስተምሮም ወደ ገጠር ይመልሳል። ተመላሿ ግን የምታድርበት ያስፈልጋታል። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ብትሠሩ እኔ በበኩሌ ከአምቡላንስ አስበልጠዋለሁ።

ብቻ ከመወሰናችሁ በፊት ለወረዳ ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ለአዋላጇም ይደውሉላት። ሌሊት የጎደለውን የምታውቀው እሷ ናት። እሷ «አይ፣ እኛ ጋ ሁሉ አለ፣ የጎደለው መኪና ነው» ካለችዎት ግን እኔን ይተዉኝና አምቡላንሱን ግዙ። ነዳጁን አስባችሁ።

«ከአርሲ ነው። ሚስቴ ሐሙስ ማቆያ ትገባለች። ስንት ብር ያስፈልጋል? ምን ትያዝ? እኔስ ስታምጥ አብሬያት መግባት እችላለሁ?»

እንኳን ደስ ያለህ፣ ገና ከአሁኑ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ማዋለዱም ነፃ ነው፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ብትባል አምቡላንሱም እንዲሁ። ግን ባዶ ኪስ አትሁን፤ መድኃኒት ጠፍቶ ከውጭ ግዙ ሊሉህ ይችላሉ፣ መመለሻ ትራንስፖርት አለ። ለማዋለጃ ክፈል ያለህ ካለ ደረሰኝ ጠይቀው፤ ደረሰኝ ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይረሳል። ካልተረሳ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ሂድ።

መግባቱን በተመለከተ፣ የምትፈልገው ሰው አብሯት እንዲሆን ይበረታታል። ችግሩ ብዙ ቦታ ክፍሉ አንድ ነው፤ ሌላ ሴት ካለች ወንድ ማስገባት አይመቻቸውም። ሐሙስ ዕለት ስታደርሳት እዚያው ጠይቃቸው፣ ምጥ መሐል በር ላይ ከምትጨቃጨቅ። ደግሞ እሷን ጠይቃት፤ እናቷን ትመርጥ ይሆናል፣ እንዳትቀየም። ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳትሞላ «ደህና ነች» ብለህ ይዘሃት እንዳትሄድ። የደም ነገር የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

የምትይዘው፦ የክትትል ካርዷን ከሁሉ በፊት። የሕፃን ልብስና መጠቅለያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ቅያሪ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ሳሙና፣ ጄሪካን። ስልክና ቻርጀር፣ መብራት ከሌለ ደግሞ ባትሪ። የምትበላውን ጠይቀህ ላክ፤ እህል የሚያቀርብ ማቆያ አለ፣ እንጨት ብቻ ያለውም አለ። ለገንፎ የገብስ ዱቄት፣ ቂቤ፣ ትንሽ በርበሬ። የቆየችበት ሦስት ሳምንት እንዳይሰለቻት የምትሠራው ነገር፣ የምትፈትለው ወይም የምትሰፋው፣ ትያዝ። ቡናም አትርሱ። ጀበና እዚያ አይጠፋም ብላችሁ ግን እንዳትተማመኑ፤ እኔ የነበርኩበት ማቆያ ውስጥ አንድ ጀበና ነበረች፣ እሷም አፏ የተሰበረ።